ሄጃለሁ ባዩ መምህር

በዚህ አገር በየትኛውም ትምህርት ቤት፣ ጣራው ቆርቆሮም ይሁን ሣር፣ ሊሄድ የተነሣ አንድ መምህር አለ። ወንበር የሌለው ትምህርት ቤት አይቻለሁ። ጠመኔ የሌለው፣ በር የሌለው፣ ርእሰ መምህሩን ተማሪዎቹ በመልክ የማያውቁት ትምህርት ቤትም አይቻለሁ። ሊሄድ የተነሣ መምህር የሌለው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህ ሰው አለ ማለት ያስቸግራል፤ የለም ማለትም ያስቸግራል። እግሩ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሟል፤ ሐሳቡ መናኸሪያ ተቀምጦ መኪና ይጠብቃል። እጁን ስትጨብጡት የምትጨብጡት የተረፈውን ነው።

የኛ ትምህርት ቤት ባለማዕረግ ተጓዥ ክቡር መምህር ካሤ ነበሩ። ለክብሩ አንድ ጊዜ አንቱ ካልኩት ይበቃል፤ ከዚህ በኋላ እንደለመድኩት እሱ እለዋለሁ።

ሌሎቹ የዚህ ዓይነት መምህራን «ልሄድ ነው» ይላሉ። ካሤ ይህን ደረጃ ድሮ ጨርሶታል። እሱ የሚለው «ሄጃለሁ» ነው። ስብሰባ ሲጠራ «እኔ እኮ ሄጃለሁ» ይላል። የሚካኤል ማኅበር አባል ሁን ሲሉት «የሄደ ሰው ጽዋ ያነሣል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። በሰኔ ችግኝ ሲተከል ጉድጓዱ አጠገብ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይቆምና ጥላውን ማን ሊቀመጥበት እንደሆነ ይመራመራል። የአገሩን ቋንቋ ኽምጣንኛን ለምን አትማርም ያለው ሰው ካለም፣ ደሴ ገብቼ ከማን ጋር ላወራበት የሚል መልስ ተሰጥቶታል። ሰላምታ እንኳ ሲሰጡት «ደኅና ነበርኩ» የሚል ይመስላል።

ትምህርት ቤታችን ጽመራ ይባላል። ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ፣ መኪና ከሚቆምበት በላይ በእግር የሚወጣበት ጫፍ ላይ ነው። በክረምትና በክረምት መውጫ ጉም ከገደሉ ይነሣል። መጀመሪያ የታችኛውን የገብስ ማሳ ይውጣል፤ ቀጥሎ የሰንደቅ ዓላማውን እንጨት፤ ቀጥሎ ልጆቹን። ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ቀን ደጅ ላይ ስም ስጠራ «አቤት» የሚለኝ ከየት በኩል እንደሆነ አላውቅም፤ አንዳንዴም ያልጠራሁት ሰው አቤት ያለ ይመስለኛል። ስለዚህ ልጆቹን አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ አስተምራለሁ።

ካሤ የሚኖረው በግቢው ጥግ ባለች አንድ ክፍል ቤት ነበር። መኖር ካልነው። ከ1988 ጀምሮ እዚያ ሲያድር ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር አልመታም። ልብሱ ከሻንጣው ወጥቶ አያውቅም፤ ሻንጣው ከአልጋው ግርጌ ርቆ አያውቅም። እሳት አያነድም፤ ምግቡን በክፍያ ተስማምቶ የሚበላው ጎረቤቱ እማማ ደብሬ ዘንድ ነው። በጽመራ ደግሞ ሰው ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው የጎረቤቱን ጣራ ነው። ጭስ ከወጣ ቤቱ ደኅና ነው። ካልወጣ ሰው ሄዶ ያንኳኳል። ከካሤ ጣራ ጭስ ስለማይወጣ በመጀመሪያው ዓመት በየጠዋቱ እየሄዱ ያንኳኩበት ነበር። በኋላ ደከማቸውና ተዉት።

እማማ ደብሬ ግን የሚተዉ ሴት አይደሉም። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ እሱ እየሰማ፣ ቤቱን በከዘራቸው እያመለከቱ ተናገሩ።

«እዚያ ቤት ሰው ይኖራል ትሉኛላችሁ። ጭሱ የታለ? ያለ ጭስ የሚተኛ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ያለው ብቻ ነው።»

«እማማ፣ የሄደ ሰው እሳት ምን ያደርግለታል?» አላቸው ካሤ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወሬው ግን ልጆች አፍ ውስጥ ገባ፤ ልጆች አፍ ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ እንደገባ አይወጣም። መምህር ካሤ የሞተ ሰው ነው፣ የሞተው ሌላ አገር ስለሆነ ያለቀሰለት የለም፣ ያልተለቀሰለት ሰው መሞቱን ስለማያውቅ እንዲህ ሲመላለስ ይኖራል አሉ። ይህን እያሉ ሒሳብ ሲያስተምራቸው ግን ቀጥ ብለው ይሰማሉ። እንዲያውም ከሕያዋኑ መምህራን ይልቅ ለእሱ ጸጥ ይላሉ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን አንድ ቀን ወደ ማታ ጠመኔ ልጠይቀው ሄጄ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አስሯል። ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ከላይ ጭኖ፣ በሩን ያያል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያለሁ አላየኝም። ስሙ ሊጠራ ተራው እንደደረሰ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥ ነበር። ጠመኔውን ሳልጠይቅ ተመለስኩ። በማግስቱ ስለ ዝውውር ሲያወራ እንደሌላው ጊዜ አልሳቅሁም።

አሁን ስለ ማስተማሩ ልናገር፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምረው እሱ ብቻ ነበር። ዝውውሬ በዓመቱ አጋማሽ ይመጣል ብሎ ስለሚያምን መጽሐፉን ሳይጨርስ መሄድ አይፈልግም። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ይሮጣል። ቅዳሜ ይጠራቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ያስቀራቸዋል፤ ልጆቹ ከብት የሚጠብቁበት ሜዳ ድረስ ወርዶ ድንጋይ ላይ በከሰል ያሰላላቸዋል። ጥር ሲገባ መጽሐፉ አለቀ። ዝውውሩ አልመጣም። ያኔ ሻንጣውን ለመጨረሻ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ይዘጋና፣ ዝም ብሎ ከመቀመጥ በሚል ሰበብ፣ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ በየዓመቱ። የጽመራ ልጆች አንዱን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ተምረው ፈተና ይቀመጣሉ። ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ የገቡ ልጆቻችን ሒሳብ የሚያውቁት ለምን እንደሆነ ለጠየቁኝ ሰዎች ምክንያቱን ማስረዳት አቅቶኝ ያውቃል። አስተማሪያቸው ስለሄደ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

አንድ ዓመት ወንዳወቅ የሚባል ወጣት ከዩኒቨርሲቲ መጠይቅ ይዞ መጣ። የሚያጠናው መምህራን በሥራቸው እንዲተጉ የሚያደርጓቸውን ምክንያቶች ነበር። ደመወዙ፣ ቤቱ፣ የበረሃና የደጋ አበሉ፣ የአለቆች አያያዝ፣ የኅብረተሰቡ አክብሮት፣ ሁሉም በየተራ ተጽፈዋል። እኛ ሌሎቹ መምህራን ቁጭ ብለን በሚገባ ሞላን፤ በወረቀቱ ላይ እንደኛ የተጋ ሰው የለም። ካሤ ደመወዝ ያረካሃል ወይ ሲባል አይ አለ። ቤትስ? ቤት የለኝም አለ። የኅብረተሰቡ አክብሮትስ? ሙት ነው ይሉኛል አለ። በሙያው መቀጠል ትፈልጋለህ ወይ ሲባል ሄጃለሁ አለ፤ ልጁ ይህን የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚያስገባ ጨነቀው። ይህን ጊዜ በደወል ፈንታ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ተደወለና ካሤ የተጀመረውን ጥያቄ ሳያስጨርስ ተነሥቶ ክፍል ገባ። ወንዳወቅ እስኪወጣ ደጅ ላይ ጠበቀው። ልጆቹ የተለቀቁት ፊደል ከማይለይበት ሰዓት በኋላ ስለነበር፣ ልጁ መሽቶብኛል ብሎ መጠይቁን እንደነበረ ይዞ ወረደ። ከጽመራ ትጋት የጎደለው ሆኖ የተመዘገበው ካሤ ብቻ ይመስለኛል።

ሰኔ ሲያልቅ ስንብት ይጀምራል። የካሤ ስንብት እንደ በዓል ቀኑ የታወቀ ነው። ከታችኛው ሰፈር ይጀምርና ቤት ለቤት እየዞረ፣ ላስቀየምኳችሁ ይቅርታ፣ በዚህ ዓለም ከእንግዲህ አንገናኝም እያለ ይሰናበታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው እያለቀሰ ሸኘው፤ ዶሮ ታረደለት፤ ስጦታ ተሰጠው። በመስከረም ተመልሶ ሲመጣ ግን ሻንጣው ስለማይፈታ ስጦታው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ሸጦት ይሆናል ያሉም ነበሩ። በኋላ በኋላ የሰፈሩ ሰው ጨከነ። የተማሪያችን የይታየሽ አባት ተስፋው፣ ካሤ ደጁ ላይ ቆሞ ደኅና ሁኑ ሲለው፣ «መምህር፣ ያምናውን ስንብትዎን ገና አልጨረስነውም» ብሎ ማረሻውን መሞረዱን እንደቀጠለ አስታውሳለሁ።

ባለቤቴ ይግዛው በዚሁ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምር ነበር። በ1991 ዘመተ። እሱ ማንንም አልተሰናበተም፤ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ የጀመረውን የቤት ሥራ እርማት ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። መርዶው የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የኛ ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤት መርዶ በአንድ ጠዋት። አስከሬን አልነበረም። እርማቱን እኔ ጨረስኩት። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ ይህን ያነሣሁትም ቀጥሎ የሆነው እንዲገባችሁ ነው።

በ1995 ክረምት ካሤ እንደ ልማዱ ተሰናብቶ ወረደ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከሰቆጣ ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና ገደል ገባ። ሰቆጣ ሱቅ ያለው አደም፣ ወደ ላይ ወጥቶ ገብስ የሚገዛን ነጋዴ፣ አንድ ቀን በቅሎው ላይ ሻንጣ ጭኖ ጽመራ ደረሰ። የካሤን ሻንጣ የማያውቅ የለም። ከገደሉ ውስጥ ከተለቀሙት ዕቃዎች መካከል አግኝቶ፣ ባለቤቱ ከቆሰሉትም ውስጥ እንደሌለ ጠይቆ ነው ያመጣው። የሞቱት ሁሉ ተለይተው እንደሆነ ጠየቅነው። አደም መሬት መሬት እያየ፣ ሁሉም የሚለዩ እንዳልነበሩ ነገረን።

ጽመራ አለቀሰች። አስከሬን በሌለበት በኛ አገር የሚለቀሰው በሟቹ ልብስ ነው፤ ልብሱ ወጥቶ፣ ሰው ዙሪያውን ቆሞ እያየው ይለቀሳል። ስለዚህ እማማ ደብሬ ሻንጣውን ከፈቱት። ከላይ አንድ ሹራብና አንድ ሱሪ ነበር። ከዚያ በታች ያለው ግን የእሱ አልነበረም። የእማማ ደብሬ ሙዳይ ነበር። የቄስ ምሳው የቀንድ ዋንጫ ነበር። የተስፋው ሚስት የፈተለችው ጋቢ እጥፋቱ ሳይፈታ ነበር። ይግዛው የሰጠው የእንጨት ማንኪያ ነበር። የስንብት ስጦታዎቹን ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ በየዓመቱ ይዞ ሲወርድ ይዞ ሲወጣ ኖሯል። ሰው እየጎነበሰ «ይህ የኔ ነው»፣ «ይህ የኔ ነው» ይል ጀመር። እስከዚያ ድረስ ለወጉ ያለቅሱ የነበሩት ያን ጊዜ እውነተኛውን አለቀሱ።

ፍትሐት ተደረገ። በአርባው ተዝካር ተበላ። ሹራቡ ለእማማ ደብሬ፣ ሱሪው ለተስፋው ተሰጠ፤ ሌላውን የሰጠ ሰው ሁሉ መልሶ ወሰደ። ሻንጣውን ማንም አልፈለገውም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም ጀርባ ተቀመጠ።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ከወረዳው መልእክት መጣ። የሒሳብና የሳይንስ መምህር ስለሌለ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰው ካልተገኘ ሰባተኛና ስምንተኛ ይዘጋሉ፤ ተማሪዎቹ ወረዳው ከተማ ወርደው ይማሩ ተባለ። በተወካይ ርእሰ መምህርነት መልእክቱን ለወላጆች የነገርኩት እኔ ነኝ። ወንዶቹ ይወርዱ ይሆናል። ሴቶቹን የሚልክ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ተስፋው ስብሰባው ሲበተን ወደ እኔ መጣና፣ ስምንተኛ ካለ ይታየሽ ትጨርሳለች፣ ከሌለ ለጥር የጠየቋትን ሰዎች እሺ እላለሁ አለኝ። በክፋት አልተናገረውም። የካሤን ሱሪ ለብሶ ነበር፤ ያጥረዋል።

ካሤ የመጣው ከዚህ ጥቂት ቀን በኋላ ነው።

ጉሙ በጠዋት ተነሥቶ ነበር። አራተኛ ክፍልን እያስተማርኩ ልጆቹ በመስኮት በኩል እያዩ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ዞር ብዬ አየሁ። የሰንደቅ ዓላማው እንጨት አጠገብ አንድ ሰው ቆሟል። ጠጉሩ ተላጭቷል፤ ከስቷል፤ እጁ ባዶ ነው። ካሤን ከመንገድ ሲመጣ ያለ ሻንጣ አይቼው ስለማላውቅ ሌላ ሰው መሰለኝ። ማን እንደመሰለኝ መጻፍ አያስፈልግም። ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ሲሰበር ነው ካሤ መሆኑን የለየሁት።

ልጆቹ በኋለኛው መስኮት ዘልለው ወረዱና ሰፈሩን ጠሩ። ሰው መጣ፤ ግን ራቅ ብሎ ቆመ። ካሤ ሰላም አላቸው። ማንም አልመለሰለትም። ወደ ቤቱ ሲራመድ እማማ ደብሬ ከዘራቸውን መንገዱ ላይ አጋደሙት።

«ቁም። ከሰው ቤት እንዳትገባ።»

«ምን ሆናችኋል?» አለ ካሤ። ዓይኑ እማማ ደብሬ የለበሱት ሹራቡ ላይ ነበር።

«ሞተሃል» አሉት። «አርባህንም በልተናል።»

ከዚያ ነገሩን ሰማን። ሻንጣውን ሰቆጣ ላይ መኪናው ጣራ ላይ አስጭኖ፣ አንድ ፊርማ ጎደለ ተብሎ ዞን ትምህርት መምሪያ ሲመለስ መኪናው ጥሎት ሄዷል። በሌላ መኪና ደሴ እህቱ ጋ ደርሶ በታይፎይድ ወደቀ። መኪናው መገልበጡን ሰምቶ ያዘነው ለሻንጣው ነው፤ እኛ እናለቅሳለን ብሎ አላሰበም። አሁን የመጣው ዝውውሩ ስለተፈቀደ ነው። ኮምቦልቻ ተመድቧል፤ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነው፤ ከእኔ መልቀቂያ ወስዶ ዛሬውኑ ሊወርድ ነበር።

ቄስ ምሳው መጡ። በጽመራ ስለዚህ የቆየ ደንብ አለ፤ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ እሳቸውም እንዳልተጻፈ ያውቃሉ። የተለቀሰለት ሰው በእግሩ ከመጣ፣ ካለቀሱለት አንዱ ወጥቶ «የኔ ሰው ነው» ካላለ በቀር ደጃፍ አያልፍም። የጠራው ሰው ከፊት ይሄዳል፤ የተጠራው ከኋላ ይከተላል። የጠራው ቤቱ በር እስኪደርስ ዞሮ አያይም። ዞሮ ካየ አላመነውም ማለት ነው፤ ያልታመነ ደግሞ አይገባም። ገብቶ ከተቀመጠ የጠራው ዘመድ ይሆናል፤ ሲታመም ያስታምመዋል፣ በደንብ ሲሞትም ይቀብረዋል። የገባውም የሰፈሩ ሰው ነው፤ ተነሥቼ ልሂድ አይልም።

ቄስ ምሳው ይህን ሁሉ ለካሤ ነግረው ጨመሩበት፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

«አትፈልገውም እንደሆነ መንገዱ ያው፣ መምህር። በመጣህበት ተመለስ። ለቅሶው ተለቅሷል፤ አናፈርሰውም። እንደሄድክ እንቆጥርሃለን።»

ይህን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ያለ መልቀቂያ፣ ያለ ስንብት፣ አንድ ሰው ሳያስቀይም ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ሊሄድ ይችል ነበር። ካሤ መንገዱን አየ። ከዚያ መንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ በኽምጣንኛ ተማከሩ። ይህ ሰው ሕያው ለመሆኑ ማን ያውቃል አለ አንዱ። ዕቃውን ወስደን አሁን በምን ፊታችን እንጠራዋለን አለ ሌላው። ካሤ አንገቱን ደፍቶ፣ በዚያው በኽምጣንኛ፣ ዕቃው የናንተው ነው፣ ሱሪውም ለተስፋው ይሁን አላቸው። ሁሉም ደነገጡ። ለካ እስከ ዛሬ ያማነውን ሁሉ ሲሰማ ኖሯል።

ይህም ሆኖ ማንም አልወጣም። እማማ ደብሬ ሹራቡን ወደ ታች እየጎተቱ ተስፋውን አዩት፤ ተስፋው ቄሱን አየ፤ ቄሱ መስቀላቸውን አዩ። ሁሉም ከእኔ የሚቀርበው አለ ብሎ ያስባል። ካሤን የሚቀርበው እንደሌለ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው። ይታየሽ ከክፍሉ ግድግዳ አጠገብ፣ ደብተሯን በደረቷ ይዛ ቆማ ነበር። ጉሙ እየወፈረ ሄደ። ድንጋዩ ላይ ከተቀመጠው ካሤ የሚታየው ግማሹ ብቻ ሆነ፤ ትንሽ ብንዘገይ የምንጠራው ሰው እንደማይኖር ተሰማኝ።

«ማን አለቀሰልኝ?» አለ። የጠየቀው ማንንም አልነበረም።

«ወንድሜ ነው» አልኩ።

ድምፄ ለራሴ ሩቅ መሰለኝ። ቄስ ምሳው፣ ልጄ፣ ምን እንዳልሽ ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ጀርባዬን ሰጥቼው መንገድ ጀመርኩ።

ቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ነው። ሰዉ ከኋላ ቀረ፤ ድምፁም ጠፋ። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ጠጠር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ የሰው እርምጃ ነው፤ ቀስ ይላል፣ ድካም አለበት። አልዞርኩም። አጥሩ ጋ ስደርስ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። የጠራሁት ማንን እንደሆነ አልተናገርኩም፤ ስሙን አልጠራሁም። በዚህ ጉም ውስጥ፣ በዚህ አጥር አጠገብ፣ የሚከተለኝ ሌላ ሊሆን ይችላል። እሱም አልተቀበረም። እሱም እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ይህን ሐሳብ አላባረርኩትም፤ አብሮኝ እንዲሄድ ተውኩት።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ደረስኩ። አንዱ ወደኔ ቤት ነው፤ አንዱ ቁልቁል ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል። አለፍኩት። ከኋላዬ እርምጃው ቆመ።

እኔ አልቆምኩም፤ ቆሞ መጠበቅ በደንቡ አልተባለም። ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ጉሙ ፊቴን ያረጥበው ነበር። ሰባተኛና ስምንተኛን አሰብኩ፤ ይታየሽን አሰብኩ። ዞር ብል ቢያንስ ሄዶ እንደሆነ አውቅ ነበር። አልዞርኩም። ቤቴ በር ጋ ደርሼ እጄን እንጨቱ ላይ አደረግሁ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ያን ጊዜ ጠጠሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ቀረበ፤ ትንፋሽ ሰማሁ።

ዞርኩ።

ካሤ ነበር። ጫማው ጭቃ ነክቷል፤ ከበሽታው ስላልዳነ ያለከልካል። ከኋላው ማንም አልነበረም፤ ትንሽ ቆሜ አረጋገጥኩ።

«ስምንተኛዎቹ ምን ላይ ደረሱ?» አለኝ።

«አልጀመሩም። አንተን ስንቀብር መቼ ጊዜ አገኘን» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ጎንበስ ብሎ ገባ። ዝውውሩን ስለተወ በኋላ ኮምቦልቻ ሌላ ሰው ተመደበ። ያን ቀን እኔ በሩ ላይ ትንሽ ቆየሁ። እዚያ የቆምኩት ሌላ ሰው ጠብቄ እንዳልሆነ ሳውቅ፣ የተከተለኝ ካሤ በመሆኑ ደስ አለኝ።